ከውጤቱ በፊት የሚሠራ ሥራ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪን ለቀጣዩ ሕይወት የማዘጋጀት መመሪያ

በኢትዮጵያ ልጁን እስከ 12ኛ ክፍል ያደረሰ ቤተሰብ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ፈተናው ካለፈ በኋላ ልጁ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ጥያቄውን የሚያነሣው ውጤት ከተለቀቀ በኋላ በመሆኑ፣ ወራት የሚፈልገውን ሥራ በጥቂት ቀናት ለመጨረስ ይገደዳል፤ በዚህም ምክንያት ሰነድ ይጎድላል፣ የምዝገባ ቀን ያልፋል፣ ልጁም ያላሰበበት የትምህርት ዘርፍ ውስጥ ይገባል ወይም ዓመቱን ያለ ሥራ ቤት ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚጠየቀውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ በዩኒቨርሲቲ መግባት ላይ ብቻ የተመሠረተ ዝግጅት ከአሥር ተማሪዎች ዘጠኙን ያለ ዕቅድ የሚያስቀር መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ተማሪዎችን ለሚያማክሩ መምህራን ሲሆን፣ ዋና መነሻውም ጥሩ ዝግጅት ማለት ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ተማሪው በማግሥቱ የሚይዘው ሥራና የሚሄድበት ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ነው የሚለው ነው። ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል የተቀመጡት የፊተኛው ለኋለኛው ግብዓት ስለሚሆን ነው፤ ከተቻለ የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች በ11ኛ ክፍል ማብቂያ ክረምት ይጀመራሉ፣ ካልተቻለም በ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ መጀመር ይኖርባቸዋል። ለሁሉም የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ደብተር፣ አንድ የሰነድ ማኅደርና በሳምንት አንድ ጊዜ ቤተሰቡ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ የሚነጋገርበት ቋሚ ሰዓት ነው።

1. የተማሪውን ትክክለኛ አቋም መለካት

ዕቅድ ሁሉ የሚጀምረው ተማሪው አሁን የት እንደሚገኝ ከማወቅ ነው። የትምህርት ቤቱ ካርድ ለዚህ በቂ መለኪያ አይደለም፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነጥብ የቤት ሥራን፣ የቡድን ሥራንና መምህሩ በቅርቡ ካስተማረው የሚወጣ ፈተናን የሚያካትት ሲሆን፣ አገር አቀፉ ፈተና ግን በሁለተኛ ደረጃ ዘመን የተማሩትን በአንድነት ይጠይቃል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና የስኮላስቲክ አፕቲቲዩድ ፈተና ይወስዳል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ምትክ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይፈተናል። አፕቲቲዩድ የሚባለው የቋንቋና የቁጥር አስተሳሰብን የሚለካ እንጂ ከአንድ መማሪያ መጽሐፍ የማይወጣ ፈተና ስለሆነ በሽምደዳ አይሸነፍም። የስድስቱ ድምር 600 እንደሆነ ሲወሰድ 50 በመቶ ማለት 300 ነው።

ለመለካት ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችንና ሰዓት ያዘጋጁ፤ ተማሪው በተከታታይ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት አንድ አንድ ትምህርት በተፈቀደው ሰዓት ብቻ፣ ያለ ስልክና ያለ መጽሐፍ እንዲሠራ ያድርጉ። ከዚያም የተሳሳታቸው ጥያቄዎች ፈጽሞ ያልተማረው፣ ተምሮ የረሳው፣ እንዲሁም እያወቀ በሰዓት እጥረት ወይም በጥድፊያ የሳተው ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ይህ ክፍፍል ከጠቅላላ ነጥቡ ይልቅ ጠቃሚ የሚሆነው መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ ነው፤ የመጀመሪያው አስተማሪ፣ ሁለተኛው ክለሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተደጋጋሚ የሰዓት ልምምድ ይፈልጋል። ልኬታው በየሁለት ወሩ ይደገምና በደብተሩ ላይ ይመዝገብ።

ከነጥቡ ጎን ለጎን የተማሪው ዝንባሌም ይመረመራል። ዝንባሌ ማለት ተማሪው «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲባል የሚመልሰው የሙያ ስም ሳይሆን፣ ማንም ሳያዘው ጊዜውን የሚያጠፋበትና ደክሞትም የማይተወው የሥራ ዓይነት ነው። ስለዚህ ተማሪው በሚያስባቸው ሁለት ወይም ሦስት ሙያዎች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን በሥራ ቦታቸው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያይ ማመቻቸት ያስፈልጋል፤ ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ልጅ የጤና ጣቢያን ውሎ፣ መሐንዲስ ለመሆን የሚመኝም የግንባታ ቦታን አቧራ ማየቱ ምርጫውን ያጠናክርለታል ወይም በጊዜ ያስለውጠዋል። በዚህ ደረጃ የሚዘወተረው ስሕተት ልጁን ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ልጅ ጋር ማወዳደር ነው፤ ልኬታው የሚጠቅመው ተማሪው ከራሱ ያለፈ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

2. ሦስት መንገዶችን በጽሑፍ ማስፈር

ከልኬታው በኋላ ሦስት መንገዶች በደብተሩ ላይ በተለያየ ገጽ ይሰፍራሉ። የመጀመሪያው ተማሪው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣ የሚከተለው፣ ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ካለ የሚከተለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ የማያበቃ ቢሆን ወይም ተማሪው ራሱ ሌላ መንገድ ቢመርጥ የሚከተለው ነው። በጽሑፍ ማስፈሩ የሚያስፈልገው ሰው በሐዘን ወይም በደስታ ውስጥ ሆኖ የሚወስነው ውሳኔ አስቀድሞ በሰከነ አእምሮ ከተወሰነው ጋር ስለማይተካከል ነው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚመረጡት ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት ዘርፎች ይጻፋሉ። ተማሪው እንደገባ ወዲያውኑ የትምህርት ክፍል እንደማይመደብ ልብ ማለት ይገባል፤ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ የሆኑ ትምህርቶች፣ ለምሳሌ የእንግሊዝኛ ተግባቦት፣ ሒሳብ፣ ሥነ ልቦና፣ ሎጂክና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚሰጡበት ሲሆን፣ ወደ ትምህርት ክፍል የሚደለደሉት በዚያ ዓመት ውጤትና በምርጫ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ስለጀመረ፣ እዚያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ አገር አቀፉን ማለፉ ብቻ በቂ እንዳልሆነ አውቆ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ መከታተል ይኖርበታል።

በሁለተኛው ገጽ ላይ የሚቀመጠው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም ለመግቢያ የተቀመጠውን ነጥብ ያላሟሉ፣ ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚወስነውን ዝቅተኛ መቁረጫ ያገኙ ተማሪዎች በመንግሥትና በግል ተቋማት ለወራት ተምረው እንደገና የሚመዘኑበት ነው። ውጤቱ የሚሰላው 30 በመቶ ተቋሙ ከሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶ ደግሞ ከማዕከል ከሚወጣ ፈተና በመሆኑ፣ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ነው ብሎ የዘነጋው ተማሪ ፈተናው ሲመጣ ይቸገራል። በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተንም የዚሁ ገጽ አካል ነው፤ ሆኖም አንድን ዓመት ለዚህ መስጠት ተገቢ የሚሆነው በመጀመሪያው ደረጃ የተመዘገበው የስሕተት ክፍፍል አብዛኛው ጉድለት በክለሳና በሰዓት ልምምድ የሚሞላ መሆኑን ሲያሳይ ነው።

ሦስተኛው ገጽ ብዙ ቤተሰቦች ባዶ የሚተዉት ነው፤ አብዛኛው ተማሪ የሚያስፈልገው ግን ይኸው ስለሆነ በጥንቃቄ ሊሞላ ይገባዋል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ሠልጣኙ የኮሌጁን ትምህርት በፋብሪካ፣ በጋራዥ፣ በሆቴል ወይም በሌላ ድርጅት ከሚያደርገው የትብብር ሥልጠና ጋር አጣምሮ ይማራል፤ በየደረጃው ማብቂያም በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል። ይህ ምዘና ከሥልጠናው ምስክር ወረቀት የተለየ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ምስክር ወረቀቱ መሠልጠንን ሲያመለክት፣ ሲኦሲ ግን ሠልጣኙ ሥራውን መሥራት እንደሚችል በሌላ መዛኝ መረጋገጡን ስለሚያሳይ ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠይቁት እርሱን ነው። በአዲስ አበባ እንደ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ ያሉ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ በክልሎችም ተመሳሳይ ተቋማት ስላሉ፣ ተማሪው ከፈተናው በፊት ቢያንስ አንዱን ጎብኝቶ የሥልጠና ክፍሎቹን፣ ማሽኖቹንና የቀድሞ ሠልጣኞች የት እንደሚሠሩ ጠይቆ እንዲመለስ ያድርጉ። በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ሙያን «ለወደቀ ልጅ» የሚተው ቅጣት አስመስሎ መናገር ነው፤ ይህን ሲሰማ ያደገ ልጅ ወደ ኮሌጁ ሲገባ እጁ ቢገባም ልቡ አይገባም።

3. ሰነዶችን አንድ ማድረግ

ሰነድ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ ቢመስልም ተማሪዎችን ከማንኛውም ነገር ይበልጥ የሚያንገላታ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ በሌላ ዓይነት ከተጻፈ በቁጥርም በፊርማም የማይፈታ ችግር ስለሚፈጠር ነው። የሚያስፈልጉት በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዕድሜው ለደረሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ምስክር ወረቀት፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፎችና የባንክ ደብተር ናቸው። ፋይዳ የሚባለው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ሲሆን፣ ተመዝጋቢው የጣት አሻራውን፣ የዓይኑን ምስልና የፊቱን ፎቶግራፍ ሰጥቶ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ባንኮችና ሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች እየጠየቁት ስለመጡ ለመጨረሻ ሰዓት ማቆየት አይገባም።

ሥራው የሚከናወነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀቱ ይወጣል፤ ቀጥሎ የስሙ አጻጻፍ በአማርኛና በላቲን ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍና ከዚያ በኋላ የሚወጣ ሰነድ ሁሉ በእርሱ ልክ እንዲሆን ይደረጋል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጽሕፈት ቤት በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ ኤስ» ሊጀምረው ስለሚችል፣ ሰነዱን ከመረከብ በፊት ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል። የትውልድ ቀንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ ብዙ ስሕተት ይፈጠርበታል፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ዓመት በመሆኑ፣ ኅዳር 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2007፣ መጋቢት 2000 ዓ.ም. የተወለደው ደግሞ የ2008 ልደተኛ ነው። ስሕተት ከተገኘ በትምህርት ቤቱ ሳለ ማስተካከል ቀላል ሲሆን፣ አገር አቀፉ የፈተና ምዝገባ ካለቀ በኋላ ግን እጅግ አድካሚ ይሆናል።

ዋናዎቹ ሰነዶች ከተሟሉ በኋላ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ቅጂ ይወሰዳል፤ በስልክም ጥርት ብለው ፎቶግራፍ ይነሡና ከስልኩ ውጭ በሆነ ቦታ ጭምር ይቀመጣሉ። ዋናውን ሰነድ ለማንኛውም ደላላ ወይም ግለሰብ አሳልፎ መስጠት የተከለከለ እንደሆነ ለተማሪው በግልጽ ይነገረው።

4. ገንዘብንና ራስን ማስተዳደር ማለማመድ

ከቤት ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ወይም በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት ትምህርቱን ከሚያሰናክሉት ነገሮች መካከል ገንዘቡ በወሩ አጋማሽ ማለቁ፣ ጤናውን አለመጠበቁና ሰዓቱን አለመግዛቱ ይገኙበታል። እነዚህ ልማዶች በምክር ሳይሆን በሥራ ስለሚገኙ፣ ቤተሰቡ ገና ልጁ አብሮት ሳለ የተወሰነ ኃላፊነት አሳልፎ ሊሰጠው ይገባል። ለሦስት ተከታታይ ወራት ለትራንስፖርት፣ ለጽሕፈት መሣሪያ፣ ለልብስ ሳሙናና ለስልክ የሚወጣው ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ተማሪውም ያወጣውን በየቀኑ እየመዘገበ እስከ ወሩ መጨረሻ ያብቃቃል። ገንዘቡ ቀድሞ ካለቀ ወዲያው መጨመር ልምምዱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ይልቁንም መዝገቡ አብሮ ይታይና ምን እንደበላው ይመረመር።

በዚያው ጊዜ ውስጥ ተማሪው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ልብሱን ማጠብ፣ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ምግብ ማብሰል፣ በራሱ ሐኪም ቤት ሄዶ ካርድ ማውጣትና ባንክ ቤት ገብቶ ቅጽ መሙላት ይለማመዳል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የባንክ ሒሳቡ በአሳዳጊ ስም አማካይነት ሊከፈት ይችላል። ቴሌብርን ወይም የባንክ መተግበሪያን የሚጠቀም ከሆነ የምሥጢር ቁጥሩን ለጓደኛም ለዘመድም እንዳይናገር፣ «ሽልማት ደርሶሃል» ወይም «በስሕተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ» ብሎ ለሚደውል ሰው ምንም ቁጥር እንዳይሰጥ ይነገረው። አነስተኛ የተማሪዎች ዕቁብ ውስጥ መግባትም ጥሩ ማለማመጃ ነው፤ ምክንያቱም መክፈያ ቀን ማክበርን የሚያስተምረው በሌላ ሰው ፊት የተገባ ግዴታ ነው።

ኮምፒዩተር መጠቀምም ከዚህ ደረጃ ተለይቶ አይታይም። የፈተናው የተወሰነ ክፍል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ሰዓት ሊያልፍበት ይችላል። በትምህርት ቤቱ ወይም በአካባቢው በሚገኝ ማዕከል መሠረታዊ ልምምድ ከተደረገ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» በተባለው ነጻ የበይነ መረብ ሥልጠና አማካይነት የፕሮግራም አጻጻፍ መሠረትን መማር ይቻላል።

5. የፈተናውን ሰሞን ማዘጋጀት

አገር አቀፉ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ የቆየ በመሆኑ፣ ለብዙ ተማሪ ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚያድርበት የመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ዝግጅቱ የጥናት ብቻ ሳይሆን የጉዞም ነው። የመፈተኛ መታወቂያ ካርድ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ለሴት ተማሪዎች የወር አበባ መጠበቂያ፣ መድኃኒት የሚወስድ ካለም ከሐኪም ማስረጃ ጋር ቀደም ብሎ በአንድ ሻንጣ ይዘጋጃል። ስልክና ሌላ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይዞ መግባት የተከለከለ ስለሆነ ሳይታወቅ እንኳ በሻንጣው እንዳይቀር ሻንጣው ከመነሻው ዕለት በፊት ይፈተሽ። የማየት፣ የመስማት ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ የሚያስፈልገው ድጋፍ በምዝገባ ወቅት በትምህርት ቤቱ በኩል መጠየቅና ስለመመዝገቡም መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ መጀመር አይመከርም፤ የቀድሞው ክለሳ ይቀጥልና ተማሪው በሚፈተንበት ሰዓት መንቃትን እንዲለምድ በጊዜ ይተኛል። «መልሱ ወጥቷል» እያሉ በቴሌግራም ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ከሁለት አንድ ነገር ያደርሳሉ፤ ወይ ገንዘቡ ይበላል፣ ወይም ተማሪው የተሳሳተ መልስ ተማምኖ ያወቀውን ይተዋል፤ ከዚህም በላይ በፈተና ሕግ መጣስ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል።

6. ውጤቱ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚሠራው

ባለፉት ዓመታት ውጤቱ በአብዛኛው ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲገለጽ ቆይቷል። በዚያ ዕለት የቤተሰቡ የመጀመሪያ ተግባር ተማሪውን ብቻውን አለመተው ነው፤ ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ በዕለቱ ስለ ጥፋትና ስለ ወጪ አይነገርም፣ ውጤቱም ለዘመድ አዝማድ የሚነገረው ተማሪው ሲፈቅድ ነው። የዓመታት ድካሙ በአንድ ቁጥር የተገለጸበት ወጣት የሚሰማው ኀፍረት ከባድ ስለሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ የሚያጣ፣ ከሰው የሚሸሽ ወይም መኖርን እንደጠላ የሚናገር ከሆነ በአካባቢው ወዳለ ጤና ተቋም ሳይዘገይ መወሰድ አለበት።

ከዚያም ደብተሩ ይወጣና ውጤቱ ከሚመለከተው ገጽ ይጀመራል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በተሰጠው ቀን ገደብ ውስጥ ሲሞላ፣ የከተማ ዝና ሳይሆን የሚፈልገው ዘርፍ የሚሰጥበትን፣ የአየር ጠባዩ ለጤናው የሚስማማውንና የጉዞ ወጪው ከቤተሰቡ አቅም ጋር የሚመጣጠነውን ያስቀድማል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ይህም ከተደረገለት ወጪ የተወሰነውን ከተመረቀ በኋላ ከገቢው ለመክፈል የሚገባው ግዴታ ስለሆነ፣ ውሉን አንብቦ ቅጂውን መያዝ ይኖርበታል።

የግል ኮሌጅን የሚመርጥ ቤተሰብ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተቋሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያገኘ መሆኑን ያጣራል። ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም በጥቅሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለመደበኛ፣ ለማታ ወይም ለርቀት በየፊናው በመሆኑ፣ «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ የሚጠየቀው ተማሪው በሚማርበት ቅርንጫፍ፣ በሚማረው መስክና በሚማርበት ሁኔታ የተሰጠው ፈቃድና የሚያበቃበት ቀን ነው። ዕውቅና በሌለው መስክ የተገኘ ዲግሪ ለሥራም ለተጨማሪ ትምህርትም አያገለግልምና፣ ይህን አለማጣራት ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ያስከትላል።

ከመግቢያ ነጥብ በታች የሆነ ተማሪ የሬሜዲያል መቁረጫ እስኪገለጽ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ምዝገባ በተለየ ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል ሁለቱንም ጎን ለጎን ይከታተላል። የቴክኒክ መስክ ሲመረጥ መስፈርቱ በአካባቢው ያለው የሥራ ፍላጎት፣ ኮሌጁ ያለው መሣሪያና ሠልጣኙ ያለው ዝንባሌ ሲሆኑ፣ ጓደኛ ስለገባበት ብቻ መግባት ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ ነው።

7. ወደ ሥራ ለሚሄድ ወጣት መብቱንና ግዴታውን ማሳወቅ

ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን መሠረታዊ ድንጋጌዎች ማወቅ ያስፈልገዋል። በአዋጁ መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቀጠርም፤ 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልደረሰው ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ተብሎ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሥራት የለበትም። ለአዋቂ ሠራተኛ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። «ሥራውን ጀምር፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ቃል ተቀብሎ ወራትን ያለ ውል ማሳለፍ ደመወዝ ሲከለከል ማስረጃ ያሳጣል።

የደመወዝ ወረቀት ማንበብም ይማራል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር የማይከፈልበት ሲሆን፣ በግል ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ከደመወዙ ጡረታ እየተቆረጠ ገቢ የማይደረግለት ሠራተኛ መጠየቅ የሚችለው ቅነሳው ምን እንደሆነ ሲያውቅ ነው።

ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ የመሄድ ሐሳብ ካለም በግልጽ መወያየት እንጂ ወሬውን ማፈን አይጠቅምም፤ በድብቅ የሚሄድ ልጅ ምክርም ጥበቃም አያገኝምና። ሕጋዊው መንገድ ዕድሜው 18 የሞላው ሰው ሥልጠና ወስዶ፣ በሙያ ብቃት ተመዝኖ፣ ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ወዳላት አገር በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የሚሄድበት ነው። ኤጀንሲው የአገልግሎት ክፍያውን የሚያገኘው ከአሠሪው እንጂ ከሠራተኛው አይደለም፤ የቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ወጪም የአሠሪው ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ጉዳዮች ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ፣ በጉብኝት ቪዛ ላኪ ወይም በየብስ የሚያሻግር ሰው ሲገኝ ቤተሰቡ ወዲያው ማቆም ይኖርበታል።

8. የመጀመሪያውን ዓመት በርቀት መከታተል

ዝግጅቱ ተማሪውን ከመናኸሪያ በመሸኘት አያበቃም። በዩኒቨርሲቲ ብዙዎች የሚሰናከሉት በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን፣ ምክንያቱም የሚቆጣጠር መምህር አለመኖሩ፣ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑና አንድ መንፈቅ ከሚታሰበው በላይ አጭር መሆኑ ነው። ውጤቱ ከ4 የሚሰላ አማካይ ነጥብ ሲሆን፣ ለመመረቅ 2.00 ዝቅተኛው ነው፤ በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተመራቂዎች የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ማምጣትን ይጠይቃል። ይህ ማለት በመጀመሪያው ዓመት የተዘለለ ዕውቀት ከዓመታት በኋላ እንደገና ይጠየቃል ማለት ነው።

ቤተሰቡ በየቀኑ እየደወለ «አጠናህ ወይ?» ማለቱ አይጠቅምም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በተወሰነ ሰዓት መደወል፣ ጥያቄውም የትኛው ትምህርት እንደከበደው፣ ማንን እንደጠየቀና ገንዘቡ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ቢሆን የተሻለ ነው። በቴክኒክ ኮሌጅ ያለውም ሆነ በሥራ ላይ ያለው ልጅ ይህንኑ ክትትል በእኩል ያገኛል፤ በአንድ ቤት ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ልጅ ብቻ ሲጠየቅ ሌላው ተስፋ እንደተቆረጠበት ይረዳዋል።

ሥራውን ለመጀመር የዓመቱ አከፋፈል እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ልኬታው ተደርጎ ሦስቱ ገጾች ይሞላሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሰነዶች ተሟልተው የገንዘብ ልምምዱ ይጀመራል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የኮሌጅና የሥራ ቦታ ጉብኝት ከክለሳው ጋር ይካሄዳል፤ ሰኔና ሐምሌ የፈተና፣ ነሐሴ ደግሞ ገጾቹ እንደገና ታይተው የሚታረሙበት ጊዜ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ቤተሰብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመሞከር ይልቅ በሰነዶቹና በሦስተኛው ገጽ ይጀምር፤ ሁለቱ ውጤት ከወጣ በኋላ ለማሟላት ከሁሉ የሚከብዱ ናቸውና።